ለትራክ ጌም ሦስት ስክሪን ላቆም ነው፣ የቱ ግራፊክስ ካርድ ይሸከመዋል? (ደሴ)

ጦሳ ሥር፦

ሰላም ጀመዓ፣ እንዴት ሰነበታችሁ። ጥያቄዬ ረዘም ትላለች፣ ታገሱኝ።

ደሴ ሸዋ በር አካባቢ ትንሽ ጌም ቤት አለችኝ። ሁለት ፕሌይስቴሽን 4 ናቸው። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሲለቀቁ ኳስ ይጫወታሉ፣ ማታ ደግሞ ትልልቆቹ ይመጣሉ። ግን በየቅያሱ ጌም ቤት ተከፈተና ሁላችንም የምናከራየው አንድ ዓይነት ነገር ሆነ። ሌላው ጋ የሌለ ነገር ላስገባ ብዬ ሳስብ የመጣልኝ ዩሮ ትራክ ሲሙሌተር 2 የሚባለው የከባድ መኪና መንጃ ጌም ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ሹፌር ወይ የሹፌር ዘመድ ያልሆነ ሰው እስቲ ፈልጋችሁ አምጡልኝ። መሪውን ገዝቻለሁ፣ ሎጊቴክ ጂ29። ያገለገለ ነው ግን ንጹሕ ነው።

ኮምፒውተሩ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7050 ነው፣ ቁመቱ ትልቁ። ኮር አይ 5-7500፣ 16 ጊጋ ራም፣ ኤስኤስዲ አለው። ግራፊክስ ካርድ (የጌሙን ሥዕል የሚስለው ክፍል) ግን የለውም። ሞኒተር አንድ 24 ኢንችና አንድ 22 ኢንች አለኝ፣ ሦስተኛ ልጨምርበት ነው ሐሳቤ። የሚገርመው ከኮምፒውተሩ ጀርባ ሁለት ዲስፕሌይ ፖርትና አንድ ኤችዲኤምአይ ስላለ፣ የጓደኛዬን ሞኒተር ተውሼ ሦስቱንም ብሰካቸው ሦስቱም በሩ! ማውሱ ከግራ ጫፍ እስከ ቀኝ ጫፍ ይሄዳል። ደስ ብሎኝ ጌሙን ስከፍተው ግን ትራኩ የፎቶ አልበም ሆነብኝ። አንድ ሥዕል፣ ቆም፣ ሌላ ሥዕል። በአንድ ስክሪን ብቻ ሁሉንም ነገር ዝቅ ሳደርገው ትንሽ ይሻላል።

እና ካርድ መግዛቴ አይቀርም። አንድ ወዳጄ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ ይበቃሃል አለኝ። እውነት ይበቃኛል? የሞኒተሮቹ መጠን ቢለያይስ ችግር አለው? ጠረጴዛዬ 1 ሜትር ከ40 ነው፣ ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ከዚያ በላይ አይሰፋም።

ቦርከና ማዶ፦

አብሽር፣ ሐሳብህ አሪፍ ነው። ግን ሞኒተር ማብራትና ጌም ማጫወት ለየቅል ናቸው። ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው ግራፊክስ ሦስት ስክሪን ያበራል፣ ኤክሴልና ዩቲዩብ ያስከፍትሃል፣ እዚያ ላይ ያበቃል።

እስቲ ቁጥሩን እየው። አንድ ፉል ኤችዲ ስክሪን 1920 በ1080 ነው፣ ስታባዛው 2,073,600 ነጥብ ይመጣል። ሦስት ሲሆን 6,220,800። ካርዱ ይህን ሁሉ ነጥብ በሰከንድ 60 ጊዜ አዲስ አድርጎ መሳል አለበት። ለማነጻጸር ያህል 4ኬ ስክሪን 8.3 ሚሊዮን ገደማ ነው። ስለዚህ ሦስት ተራ ሞኒተር ደረደርክ ማለት ወደ 4ኬ ተጠጋህ ማለት ነው። ሦስት 1440ፒ (2560 በ1440) ላድርግ ካልክ ደግሞ 11 ሚሊዮን አለፍክ፣ እሱን እርሳው።

1050 ቲአይ 4 ጊጋ ናት። ለአንድ ስክሪን ጎበዝ ናት፣ ለሦስት ግን ታለቅሳለች። እኔ ብሆን ዝቅተኛው ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ነው፣ 6 ጊጋ፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው። ኪስህ ከፈቀደ ሬዲዮን አርኤክስ 6600፣ 8 ጊጋ። ይሄኛው ከአቅሙ አንጻር መብራት አይበላም፣ 132 ዋት ነው። አርኤክስ 580 በርካሽ ታገኛለህ፣ ይሠራልም፣ ግን 185 ዋት ይጠጣል፣ ያም ላይ 2048ኤስፒ የሚባል የተቀነሰ ዓይነት አለ፣ በዚያው በ580 ስም ነው የሚሸጡልህ። ዋጋ አትጠይቀኝ፣ ብሩ ከሐምሌ 2016 ወዲህ የዛሬው ለነገ አይሆንም።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅህ። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ አዲስ ነው፣ ርካሽ ነው ብለው ሊያሳዩህ ይችላሉ። ጀርባው ላይ ያለው ሁለት መሰኪያ ብቻ ነው። ሦስተኛውን ስክሪን የት ልትሰካው ነው? ካርድ ስትገዛ መጀመሪያ ፊቱን ሳይሆን ጀርባውን ገልብጠህ እይ። በአንድ ስም የሚጠራ ካርድ እንኳ እንደ አምራቹ መሰኪያው ይለያያል።

አሁን ወደ መጥፎው ዜና። የአንተ ኦፕቲፕሌክስ ፓወር ሳፕላይ (ለኮምፒውተሩ ኃይል የሚሰጠው ሳጥን) 240 ዋት ነው፣ ለካርድ የሚሆን ባለ 6ም ሆነ ባለ 8 ፒን ገመድ የለውም። ወዳጅህ 1050 ቲአይ ያለህም ለዚህ ይመስለኛል፣ እሷ 75 ዋት ስለሆነች ከማዘርቦርዱ ብቻ ትጠጣለች። ሌላውን ካርድ ከፈለግክ ፓወር ሳፕላይ መቀየርህ ነው። የዴሉ ማዘርቦርድ ሶኬት ከተለመደው 24 ፒን የተለየ ስለሆነ አዳፕተር ገመድ አብረህ ያዝ። ሞሌክስ (የድሮው ባለ 4 ፒን የዲስክ መብራት ገመድ) ወደ 6 ፒን የሚቀይር ገመድ አለ ብሎ የሚሸጥልህ ሰው ካለ አመስግነህ ውጣ፣ በ240 ዋት ላይ እንዲህ ዓይነት ቀልድ አይቀለድም።

ካርዱም ባለ ሁለት ፋን አጭሩ ይሁን። ረጅሙ የሃርድ ዲስኩ ቦታ ላይ ሄዶ ይጋጭብሃል። ከመግዛትህ በፊት ክዳኑን ከፍተህ በሜትር ለካ።

ሹፌሩ፦

ስለ ካርዱ አላውቅም፣ ስለ መንዳቱ ግን ልናገር። 19 ዓመት ነድቻለሁ፣ ኮምቦልቻ፣ ሚሌ፣ ጅቡቲ። የእህቴ ልጅ ይህንኑ ጌም በአንድ ስክሪን ያጫውተኛል። ወደ ፊት እስከነዳሁ ድረስ ችግር የለም፣ መንገዱ ይታየኛል። ወደ ኋላ ሳስገባ ግን ዓይነ ስውር ነኝ። ስፖኪዮው የለም! ልጁ ይሄን ተጫን ይለኛል፣ ስጫነው ካሜራው ይዞራል፣ እኔ ዞር ብዬ ማየት እንጂ ተጭኜ ማየት አለመድኩም። ሁለት ጊዜ ተሳቢውን አጥር ላይ ሰቀልኩት፣ ልጁ ሳቀብኝ።

በኋላ አዲስ አበባ ሦስት ስክሪን ያለው ሰው ቤት ሞከርኩ። የግራ ስፖኪዮ በግራ ስክሪን፣ የቀኙ በቀኙ። ራሴን ሳዞር ልክ በካቢናው ውስጥ እንዳለሁ ነው። ሞኒተሮቹ የሚገናኙበት ጥቁር ጠርዝ ያናድዳል ይላሉ፣ እኔን ምንም አላለኝም። ትራክም ላይ የመስታወቱ ምሰሶ አለ አይደል፣ እንደሱ ነው።

ስለዚህ ሹፌር ደንበኛ ከፈለግክ ሦስቱን አድርገው። ወንበሩም ከፍ ይበል፣ የፕላስቲክ በርጩማ ላይ አስቀምጠህ ንዳ እንዳትለን። አንድ ጥያቄ አለኝ፣ ማርሹስ?

አንዱ ይበቃል፦

እኔ ልቃወም። ጌም ቤት ነው ያልከው። ሦስት ሞኒተር፣ አዲስ ካርድ፣ አዲስ ፓወር ሳፕላይ፣ ማቆሚያ፣ ገመድ… ይህን ሁሉ አውጥተህ በአንድ ጊዜ የሚጫወትልህ አንድ ሰው ነው። ለምን አንድ 43 ኢንች ቲቪ አትሰቅልም? ሰልፍ የሚጠብቀውም ከኋላ ሆኖ ያያል፣ ቲቪ ደግሞ ደሴ ላይ እንደ ልብ ነው። ጥራቱን 1080 ላይ አድርገው፣ ያኔ 1050 ቲአይም ትበቃሃለች፣ ፓወር ሳፕላዩም አይነካ። ጌም ሞድ የሚለውን ማብራት እንዳትረሳ ብቻ፣ አለበለዚያ መሪውን ስታዞር ቲቪው ዘግይቶ ነው የሚከተልህ።

ደግሞ ሦስት ስክሪን ለሁሉም ጌም አይሆንም። የኳስ ጌም ላይ ዳርና ዳሩ ትርፍ ነው። ነገ ሰው ከትራኩ ቢሰለች ምን ልታደርግበት ነው?

ጦሳ ሥር፦

አንዱ ይበቃል፣ አነጋገርህ ኪሴን ነካው፣ አልዋሽም። ሌሊቱን ሙሉ ሳስብበት አደርኩ። ግን ቲቪማ ሁሉም ጌም ቤት አለው። ሰው ካፌ ቁጭ ብሎ የሚያወራልኝ ሦስቱን ስክሪን ነው። ጋሼ ሹፌሩ ያሉት የስፖኪዮ ነገር ደግሞ ጨረሰኝ። እኔ መንጃ ፈቃድም የለኝ፣ በዚያ በኩል አላሰብኩትም ነበር።

ቦርከና ማዶ፣ ፓወር ሳፕላዩን ከፍቼ አየሁት፣ እንዳልከው 240 ዋት ይላል። ባትነግረኝ አቃጥየው ነበር። ሞኒተሩን ግን አልመለስክልኝም፣ 24ና 22 ይሄዳሉ? ጠረጴዛውስ? አንድ 24 ኢንች ስለካው ከጠርዝ ጠርዝ 55 ሴንቲ ነው፣ ሦስት ጊዜ 55 ማለት 1 ሜትር ከ65። አይገባም ማለት ነው?

ቱቦላሬ፦

ይገባል። ሦስቱን እንደ ግድግዳ ቀጥ አድርገህ ማን ደርድር አለህ? ዳርና ዳሩ ወደ አንተ ይታጠፋሉ።

ሥራዬ ብየዳ ነው፣ ለራሴም ለሁለት ልጆችም ማቆሚያ ሠርቻለሁ። ስሌቱ ቀላል ነው። ዓይንህ ከመሃለኛው ሞኒተር 60 ሴንቲ ከራቀ፣ የ24 ኢንች ሞኒተር የሚታየው ወርድ 53 ሴንቲ ስለሆነ የጎኖቹ መታጠፊያ ወደ 48 ዲግሪ ይመጣል። እንደዚያ ሲታጠፉ ከጫፍ ጫፍ ከ1 ሜትር ከ30 አያልፉም። 1 ሜትር ከ40 ጠረጴዛህ ላይ ቁጭ ይላሉ፣ የቡና ስኒ ማስቀመጫም ይተርፍሃል። ጥልቀት ነው የሚፈልጉት፣ ጎኖቹ 40 ሴንቲ ያህል ወደ ፊት ይመጣሉ። መሪውን እዚያው ጠረጴዛ ላይ ልታስር ከሆነ ይህን ከግምት አስገባ፣ እኔ ብሆን መሪውን ለብቻው በብረት አቆመው ነበር።

ዲግሪ መለኪያ የለኝም እንዳትል። ሲባጎ ቁረጥ፣ ልክ 60 ሴንቲ። ሰው ወንበሩ ላይ ይቀመጥና አንዱን ጫፍ በዓይኑ አጠገብ ይያዝ። ሌላኛው ጫፍ የመሃሉን ሞኒተር መሃል ነካ? አሁን ወደ ግራው አዙረው። የእሱንም መሃል ልክ መንካት አለበት፣ ክሩም ከስክሪኑ ጋር እንደ መስቀል ቀጥ ብሎ መገናኘት አለበት። ከዚያ ቀኙን። በቃ።

ማቆሚያውን በ25 ሚሊ ቱቦላሬ ብረት አስበይደው። ከመግዛትህ በፊት ግን ከሞኒተሩ ጀርባ አራት ቀዳዳ መኖሩን እይ፣ ከቀዳዳ ቀዳዳ 10 ሴንቲ በ10 ሴንቲ ነው፣ ቡሎኑም የ4 ሚሊ። አንዳንድ ርካሽ ሞኒተር ቀዳዳ የለውም፣ እሱን ሲሊኮን ቀብተህ ነው የምትሰቅለው? ለቡሎኑ ማስገቢያ ክብ ሳይሆን ሞላላ ቀዳዳ አስበሳ፣ በኋላ ወደ ላይና ወደ ታች ማስተካከል ትችላለህ። እኔ የመጀመሪያውን ክብ በስቼ አንዱ ሞኒተር በ3 ሚሊ ዝቅ አለና ስድስት ወር ሙሉ አንገቴን አዘንብዬ ስነዳ ኖርኩ።

24ና 22 አታጋባ። የጥራት ቁጥራቸው አንድ ቢሆን እንኳ በመጠን ስለሚለያዩ አስፋልቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲያልፍ ደረጃ ይሠራል። መንገድ ሳይሆን ዳገት ይመስላል። ሦስቱም አንድ ሞዴል ይሁኑ።

ቦርከና ማዶ፦

ቱቦላሬ ጨረሰው፣ እጅህ ይባረክ። እኔ የምጨምረው ሦስት ነገር ነው።

አንደኛ፣ የኤንቪዲያው (የጂቲኤክስ ካርዶቹ ሠሪ) ሰራውንድ ሦስቱን አጣብቆ አንድ ሰፊ ስክሪን ሲያደርጋቸው የሦስቱም ጥራትና ኸርዝ (ስክሪኑ በሰከንድ የሚታደስበት ብዛት) አንድ እንዲሆን ይፈልጋል። የኤኤምዲው (የሬዲዮኖቹ ሠሪ) አይፊኒቲ ትንሽ ይታገሳል። ግን ዩሮ ትራክ ላይ በዚያ ብቻ አታቁም። አጣብቀህ ብቻ ካጫወትከው ጌሙ ሦስቱንም እንደ አንድ ጠፍጣፋ መስታወት ነው የሚስልባቸው፣ ዳር ላይ ያለው ዛፍና መኪና እንደ ማስቲካ ይለጠጣል። ጌሙ ራሱ ለሦስት ስክሪን የሚሆን መልቲሞን የሚባል ቅንብር አለው፣ ኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ ታገኘዋለህ። እዚያ ውስጥ የጎኖቹን መታጠፊያ ስትነግረው እያንዳንዱን ስክሪን በራሱ አቅጣጫ ይስለዋል። ቱቦላሬ በሲባጎ የለካልህን 48 ዲግሪ የምትጽፈው እዚያ ነው።

ሁለተኛ፣ ሴቲንግ ላይ ስኬሊንግ የሚል አለ (ሥዕሉን ከስክሪኑ ጥራት አስበልጦ ወይ አሳንሶ የሚያስል)፣ እስከ 400 ፐርሰንት ይሄዳል። 100 ላይ ተወው። ስፖኪዮዎቹም እንደ ትንንሽ ስክሪን ለብቻቸው ስለሚሳሉ ካርዱንም ፕሮሰሰሩንም ይበላሉ። መሃከለኛ ላይ አድርጋቸው፣ ጋሼ ሹፌሩ እንዳይቀየሙ ግን አታጥፋቸው። የአንተ ፕሮሰሰር አራት ኮር ነው፣ ከተማ ውስጥ ስትገባ ትንሽ ያነክሳል፣ ሀይዌይ ላይ ሰላም ነው።

ሦስተኛ፣ የሞኒተሩ ፓነል አይፒኤስ ይሁን። ቲኤን የሚባለውን ከጎን ስታየው ቀለሙ ይበላሻል። የሚነዳው ሰው ፊት ለፊት ነው፣ ግድ የለውም። ከጎን ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ግን የተበላሸ ቀለም ነው የሚያየው፣ ያንተ ማስታወቂያ ደግሞ እሱ ነው። 144 ኸርዝ ለትራክ አትክፈል፣ 60 ይበቃል። ከቢሮ የወጡ ያገለገሉ 24 ኢንች አይፒኤሶች ፈልግ፣ ቀዳዳውም ማቆሚያውም የተሟላ ነው።

ኮምቦልቻ ግቢ፦

ወሎ ዩኒቨርሲቲ ኮምቦልቻ ግቢ ተማሪ ነኝ፣ ሥዕል ለመሥራት ነው ኮምፒውተር የገጣጠምኩት። ከእኔ ተማሩ። አንድ ሱቅ ገብቼ 1050 ቲአይ ተብሎ ገዛሁ፣ ካርቶኑ ያብረቀርቃል፣ ዊንዶውስም 1050 ቲአይ ብሎ ያነበዋል። ሻጩ እዚያው አብርቶ አሳየኝ፣ እኔም አመንኩ። ቤት ሄጄ ስሠራበት ይቆማል፣ ድራይቨር ስጭን ስክሪኑ ይጠፋል። ለካ ውስጡ የድሮ 550 ቲአይ ነው፣ ባዮሱ (ካርዱ ውስጥ ያለችው ፕሮግራም) ላይ ስሙን ቀይረውበት። ስመለስ የማያውቁኝ መሰሉ። የሁለት ወር ገንዘቤ ነበር፣ እናቴ እስከ ዛሬ አታውቅም።

ስለዚህ ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ትንሽ ፕሮግራም በፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ። ሐሰተኛ ከሆነ ከስሙ ፊት ለፊት ሐሰተኛ መሆኑን በግልጽ ይጽፋል። ከዚያ ከባድ ነገር ክፈቱበትና ቢያንስ 20 ደቂቃ ቁጭ ብላችሁ እዩት። ሻጩ ከተቆጣ መልሱን አገኛችሁ።

ሞኒተር ስትገዛ ደግሞ መጀመሪያ ሙሉ ነጭ ገጽ፣ ቀጥሎ ሙሉ ጥቁር ክፈት። ነጩ ላይ ቢጫ የሆነ ጥግ፣ ጥቁሩ ላይ ብርሃን የሚያፈስ ጠርዝ ይታይሃል። ሦስቱን ጎን ለጎን አብርተህ እይ፣ አንዱ አርጅቶ ቢጫ ከሆነ ለብቻው ስታየው አታውቀውም።

ስለ መብራት ማንም አልተናገረም እንጂ እሱም አለ። ፕሮሰሰሩ 65፣ ካርዱ 125፣ ሞኒተሮቹ እያንዳንዳቸው 20 ገደማ፣ የቀረውን ስትደምርበት ወደ 300 ዋት ትጠጋለህ። 650 ቪኤ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የመብራት መጠባበቂያ) 360 ዋት አካባቢ ነው የሚሸከመው። መብራት ሲጠፋ ጥቂት ደቂቃ ይሰጥሃል፣ ደንበኛው ጨዋታውን ሴቭ አድርጎ እንዲወጣ። ፕሌይስቴሽኖቹን እዚያው ዲቫይደር ላይ እንዳትደርብበት!

ጦሳ ሥር፦

እህቴ፣ አይዞሽ፣ ለእናትሽ አንነግርም። ጂፒዩ-ዚን አሁኑኑ አወረድኩት።

እሺ፣ የወሰንኩት ይሄ ነው። 22 ኢንቹን እሸጠዋለሁ፣ ለ24ቱ ወንድሞቹን ሁለት አንድ ዓይነት እፈልጋለሁ። እነሱ ካልተገኙ ሦስቱንም ከአንድ ቦታ እገዛለሁ። ካርዱ 1660 ሱፐር ወይ 6600፣ ንጹሕ ሆኖ የተገኘው። ፓወር ሳፕላይ ባለ 500 ዋት። አዲስ አበባ ቅዳሜ እወርዳለሁ፣ ከነኮምፒውተሩ ነው የምሄደው፣ 400 ኪሎ ሜትር አቅፌው። ሳይሞከር ገንዘብ አልከፍልም። ቱቦላሬ፣ ስመለስ ሱቅህን ጠቁመኝ።

አንዱ ይበቃል፣ ከሰርኩ ቲቪ አምጣ ብዬ መጥቼ አስቸግርሃለሁ።

አንዱ ይበቃል፦

ኧረ ትከፍታለህ፣ እኔም መጥቼ እነዳለሁ። ከፍዬ ግን አይደለም።

ሹፌሩ፦

ሁላችሁም ተናገራችሁ፣ ማርሹን ግን ማንም አልመለሰልኝም። ፔዳሉ ፍሪሲዮን አለው አይደል? ታዲያ ማርሹ የት አለ?

ጦሳ ሥር፦

ጋሼ፣ ፍሪሲዮን አለው፣ ሦስት ፔዳል ነው። ማርሹ ግን ለብቻው ነው የሚሸጠው፣ 6 ማርሽ። ለጊዜው ከመሪው ጀርባ ባሉት በጣት በሚሳቡት ይሁንልን።

ሹፌሩ፦

በጣት ማርሽ እየቀየርኩ የሐረጎን ዳገት ልወጣ ነው? አይ ልጄ። ማርሹን ስትገዛ ደውልልኝ፣ ያኔ እመጣለሁ።